ከመግቢያው በፊት መውጫው፦ ሙላትንና ጅረትን አይቶ ከባሕር ዳርቻ መጥለቅ

ባዶ እግሬን ነኝ። 12 ሊትሩ የአየር ሲሊንደር ጀርባዬ ላይ ነው። ፊኖቹን፣ እግር ላይ የሚደረጉትን የመዋኛ ክንፎች፣ በእጄ ይዣለሁ፣ ማስኩ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ዛጎል በለበሰ ድንጋይ ላይ እየተንገዳገድኩ ወደ መኪናችን እመለሳለሁ። ጓደኛዬ ከኋላዬ አለ። አያወራም። እሱ ዝም ካለ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

የገባነው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ካለች ጸጥተኛ ወሽመጥ ነበር። የወጣነው ከዚያ 400 ሜትር ያህል ርቀን ነው። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ «ሙላት 10፡50» ይላል። ውሃው ሞልቶ ሲያበቃ ይቆማል፤ ሲቆም እንገባለን። ሒሳባችን ይኸው ነበር። ወሽመጡ ውስጥ እውነትም ውሃው ረግቷል። ዓለቱን ዞረን ከጥጉ አለፍ እንዳልን ግን አንድ ነገር ከጎን ገፋኝ። ጓደኛዬ የነካኝ መስሎኝ ዞር አልኩ። እሱ ከእኔ ሦስት ሜትር ርቆ ወደ ኋላው እየሄደ ነው። ፊኑን ይመታል፣ ግን ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።

እዚያ ጥግ ላይ ጅረቱ አቅጣጫውን የሚቀይረው ሙላቱ ከማብቃቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። እኛ ስንገባ ውሃው አርፎ፣ ተነስቶ፣ ጉልበቱን አሰባስቦ ጨርሷል።

ከዚያ ወዲህ ፕላን የምጀምረው ከመውጫው ነው። የት ነው የምወጣው? ስንት ሰዓት ላይ? በዚያ ሰዓት ውሃው ወዴት ይሄዳል? ለእነዚህ መልስ ካገኘሁ በኋላ ነው ስለ መግቢያው የማስበው። ከጀልባ የሚጠልቅ ሰው ትንሽ ቢወሰድ ጀልባው መጥቶ ያነሳዋል። ከዳርቻ የገባ ሰው ግን መውጫውን ራሱ ማግኘት አለበት። መውጫው ደግሞ ቦታውን አይለውጥም፤ የሚለወጠው ውሃው ነው።

ይሄን የምጽፈው ኮርሱን ወስዶ፣ ሠርተፍኬቱን ይዞ፣ አሁን ያለ አስተማሪ ከጓደኛው ጋር መግባት ለሚፈልግ ሰው ነው። አተነፋፈስ አላስተምርም። የማወራው ስለ ሰዓት ነው።

ከፍታና ጉዞ ይለያያሉ

ስለ ቃላት እንስማማ። ውሃው ከፍ ሲል ሙላት፣ ዝቅ ሲል ጉድለት እላለሁ። ውሃው ወደ ጎን ሲጓዝ ጅረት ነው። ጅረቱ አቅጣጫ ሊቀይር ሲል የሚቆምባትን አጭር ጊዜ ዕረፍት እላታለሁ። ጠላቂ የሚፈልገው ዕረፍቷን ነው። ሰንጠረዡ የሚነግረን ግን ብዙ ጊዜ ከፍታውን ብቻ ነው። የእኔ ስህተት ሁለቱን አንድ አድርጌ ማየቴ ነበር።

ለምን ይለያያሉ? ጠባብ አፍ ያለው ሰፊ የባሕር ገብ አስቡ። ውጭ ያለው ባሕር ሞልቶ ጨርሶ መጉደል ጀምሯል። ውስጥ ያለው ግን በጠባቡ አፍ ስለሚሞላ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ውጭው እየጎደለ እንኳ ውሃው ወደ ውስጥ መፍሰሱን ይቀጥላል። ውስጥና ውጭ እኩል ሲሆኑ ነው የሚቆመው። እንዲህ ያለ ቦታ ዕረፍቷ ከሙላቱ ብዙ ዘግይታ ልትመጣ ትችላለች። ከባሕሩ ወጣ ያለ ዓለት አጠገብ ደግሞ ከጀርባው ውሃው ስለሚሽከረከር ዳር ያለው ጅረት ቀድሞ ሊዞር ይችላል። የእኛ ጥግ ይሄኛው ነበር። ገላጣ ዳርቻ ላይ ሁለቱ ሊገጣጠሙም ይችላሉ። ቦታው ነው የሚወስነው።

ጉልበቱም እንደ ቦታው ነው። በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ውሃው እስከ 16 ሜትር ይወጣል ይወርዳል። ሜዲትራኒያን ላይ በአብዛኛው ቦታ ልዩነቱ ከግማሽ ሜትር በታች ስለሆነ ዋናው ጉዳይ ነፋሱና ሞገዱ ነው። ቀይ ባሕር መሐል አካባቢም ሙላትና ጉድለቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በኖርዌይ ሳልትስትራውመን በሚባለው መተላለፊያ ግን ጅረቱ እስከ 20 ኖት ይደርሳል፤ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ ሰው ይጠልቅበታል። በአብዛኛው የሚገባው ዕረፍቷን ጠብቆ ነው።

አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ሰው በእግሩ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ግን በደቂቃ 31 ሜትር ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ብትንሳፈፉ ከ300 ሜትር በላይ ትሄዳላችሁ። ጤነኛ ጠላቂ በሙሉ ዕቃው አንድ ኖትን ፊት ለፊት ገጥሞ ጥቂት ደቂቃ ሊታገል ይችላል፣ ከዚያ ያልቅበታል። ሌላም ነገር አለ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው የሚገፋችሁ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። «ትንሽ በርታ ብል እችለዋለሁ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚከሽፈው። እኔ ግማሽ ኖት ድረስ ደስ ብሎኝ እሠራለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ጨረቃዋን እዩ

ሙላትና ጉድለትን የምትስበው በዋናነት ጨረቃ ነች። ፀሐይም ታግዛለች፣ ጉልበቷ ግን ከጨረቃ ግማሽ አይሞላም። ብዙ ቦታ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሙላትና ሁለት ጉድለት አለ። ስለዚህ ዛሬ በ10 ሰዓት የሞላው ነገ 10፡50 አካባቢ ይሞላል። «ባለፈው ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ገብተን አሪፍ ነበር» ብሎ በዚህ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት መግባት ሞኝነት ነው። በሳምንት ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቃችኋል። እንደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ባሉ ቦታዎች ደግሞ በአብዛኛው በቀን አንድ ሙላት ብቻ ነው ያለው። አዲስ ቦታ ስትሄዱ ይሄንንም እዩ።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ከፀሐይ ጋር በአንድ መስመር ይስባሉ። ሙላቱ ይበልጥ ከፍ፣ ጉድለቱ ይበልጥ ዝቅ ይላል፤ ጅረቱም ይበረታል። ግማሽ ጨረቃ ስትሆን ይሄ ሁሉ ይለዝባል። ብዙ ቦታ ውጤቱ የሚታየው አንድ ወይም ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። የማላውቀው ቦታ የምሄደው በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ነው። ዕረፍቷም ያኔ ረዘም ትላለች። ባለ ሙሉ ጨረቃዋ ሌሊት ዳርቻው ለፎቶ ታምራለች፤ ማግስቱን ለመጥለቅ ግን ሌላ ቦታ እመርጣለሁ።

ሰንጠረዡን እንደ ሒሳብ ደብተር

አንድ ቀን እንውሰድ። ጉድለት 07፡10፣ 0.9 ሜትር። ሙላት 13፡24፣ 4.5 ሜትር። ሰዓቱን የጻፍኩት ሰንጠረዡ ላይ በሚታተምበት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር የምትቀይሩ ከሆነ ቤት ሆናችሁ ቀይሩና ጻፉት። 13፡24ን ከቀኑ 7፡24 ብሎ ማስታወስ ቀላል ነው። ጓደኛችሁ በአንዱ፣ እናንተ በሌላው እያሰባችሁ ውሃ ዳር ስትገናኙ ግን ችግር አለ። እኛ ሁለታችንም የእጅ ሰዓታችንን በ24 አድርገን ጨርሰናል።

ልዩነቱ 3.6 ሜትር ነው። ውሃው ግን በየሰዓቱ እኩል አይጨምርም። ልዩነቱን ለ12 አካፍሉት፤ 0.3 ሜትር። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ድርሻ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በመጨረሻው አንድ። መርከበኞች ከጥንት የሚጠቀሙባት ግምት ናት። በእኛ ቀን 08፡12 ላይ 1.2 ሜትር፣ 09፡15 ላይ 1.8፣ 10፡17 ላይ 2.7፣ 11፡19 ላይ 3.6፣ 12፡22 ላይ 4.2 ይሆናል ማለት ነው። መሐል ላይ ያሉት ሁለት ሰዓታት ብቻቸውን ግማሹን ውሃ ያመጣሉ። ያኔ ውሃ ውስጥ መሆን አልፈልግም።

ለጅረት ደግሞ ሌላ ግምት አለ። ከዕረፍቷ በኋላ አንድ ሰዓት ሲሞላ ጅረቱ የከፍተኛውን ፍጥነት ግማሽ ይደርሳል። በሁለተኛው ሰዓት 90 በመቶ፣ በሦስተኛው ሙሉ። ከዚያ በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ 90፣ ግማሽ፣ ዜሮ። ቦታው በዚያ ቀን ከፍተኛው 1.2 ኖት ከሆነ፣ ከዕረፍቷ አንድ ሰዓት ሲቀረው 0.6 ኖት ነው። አርባ ደቂቃ ሲቀረው 0.4 ገደማ። ይሄ መልካም ነው። ሁለቱም ግምቶች የሚሠሩት በቀን ሁለቴ በሥርዓት ለሚሞላ ባሕር ነው።

ሰንጠረዥ ላይ የተሳሳትኩባቸውን ላስቆጥራችሁ። አንደኛ፣ የበጋ ሰዓት። ሰዓታቸውን በበጋ በአንድ ሰዓት የሚገፉ አገሮች አሉ። አንዳንዱ ሰንጠረዥ ይሄን ጨምሮ ያትማል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። ገጹ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ አንብቡት። ሁለተኛ፣ ሰንጠረዡ የየትኛው ወደብ ነው? የእናንተ ዳርቻ ከዋናው ወደብ የሚዘገይበት ወይም የሚቀድምበት ደቂቃ አለ፤ ደምሩት ወይም ቀንሱት። ሦስተኛ፣ ዜሮ ሜትር ማለት የባሕሩ ወለል ማለት አይደለም። የባሕር ካርታ ላይ ያሉት ጥልቀቶች የሚለኩበት ዝቅተኛ መስመር ነው። ካርታው 6 ሜትር ካለ፣ በ13፡24 እውነተኛው ጥልቀት 10.5 ሜትር ነው። አየርና ሰዓት ስታሰሉ ይሄ ለውጥ ያመጣል።

ሰንጠረዡ ደግሞ ስለ አየሩ ጠባይ አያውቅም። የአየር ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል ሲወርድ ባሕሩ በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ለቀናት የቆየ ብርቱ ነፋስ ሙላቱን ሊያስቀድም ወይም ሊያዘገይ ይችላል። ከከባድ ዝናብ በኋላ የወንዝ አፍ አጠገብ ከሆናችሁ የሚወጣው ጅረት ይረዝማል፣ ዕረፍቷም ትዛነፋለች። ለአካባቢው የጅረት ሰንጠረዥ ከታተመ እሱን አስቀድሙ። ካልታተመ በዚያ ቦታ ለዓመታት የጠለቀ ሰው ጠይቁ። ጥያቄው «ቦታው ጥሩ ነው?» መሆን የለበትም። ሁሉም «አሪፍ ነው» ነው የሚለው። «ከሙላቱ ስንት ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ነው የሚቆመው? ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?» በሉ።

ወደ ኋላ መቁጠር

አሁን ከመውጫው እንጀምር። የምሳሌያችን ቦታ ላይ ጅረቱ ከሙላቱ 20 ደቂቃ ዘግይቶ ይቆማል እንበል። ዕረፍቷ 13፡44 ነች። እኔ በዚያ ሰዓት መውጫዬ ፊት ለፊት መሆን እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ዕረፍቷን የሚጠቀመው ለመግቢያ ነው። እኔ ለመውጫ አደርጋታለሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዕረፍቷ ላይ ከገባችሁ ውሃው ከዚያ በኋላ የሚያውቀው መበርታትን ብቻ ነው። ማስኩ ውሃ አስገባ፣ ጓደኛችሁ አንድ ኦክቶፐስ አየና ቆመ፣ አሥር ደቂቃ ጠፋ። እያንዳንዷ የዘገያችሁባት ደቂቃ መመለሻውን ታከብደዋለች። ቀድማችሁ ከገባችሁ ግን ጅረቱ እየደከመ ነው። ብትዘገዩም ዕረፍቷ ውስጥ ነው የምትዘገዩት። ሲጀመር ትንሽ ትገፋላችሁ፣ ሲያልቅ ትንሳፈፋላችሁ።

ስለዚህ፦ ውሃ ውስጥ 40 ደቂቃ፣ ከ13፡05 እስከ 13፡45። ላዩን ዋኝቶ መጥለቂያው ለመድረስ አምስት ደቂቃ፤ እግራችን ውሃ የሚነካው 13፡00። ዕቃ መልበስና እርስ በርስ ቼክ ማድረግ 30 ደቂቃ። ለጓደኛዬ ሲባል 45። ውሃውን ቁጭ ብሎ ማየት ግማሽ ሰዓት። ዕቃ ከመኪና ማውረድ ሩብ ሰዓት። 11፡30 ላይ እዚያ መድረስ አለብን። ለአርባ ደቂቃ መጥለቅ ይሄ ሁሉ? አዎ። ዌትሱት (የመጥለቂያ ልብስ) ለብሶ እየሮጠ የገባ ሰው ገና ሳይጠልቅ አየሩን ይጨርሳል።

አንድ ሰዓት ደግሞ በጥቁር ጻፉ፤ ከዚህ በኋላ አንገባም የሚባልባትን። በዚህ ቀን ለእኛ 13፡15 ናት። ካለፈች ዕቃ ይፈታል። ጓደኛዬ ስንት ጊዜ «አጠር አድርገን እንግባ» ብሎኛል። መልሱን ስለሚያውቅ አሁን የሚለው ለልማድ ያህል ነው።

የውሃው ከፍታስ ለመውጫው ምን ያደርጋል? ይሄን የሚረሳው ብዙ ነው። በሙላት ጊዜ ሁለት እርምጃ የነበረው መውጫ በጉድለት ጊዜ ሃያ ሜትር አልጌ የለበሰ አንሸራታች ድንጋይ ይሆናል። ተቃራኒውም አለ። በጉድለት ጊዜ ሰፊ አሸዋ የነበረው ሙላት ሲመጣ ይጠፋና ሞገዱ በቀጥታ ግንቡን ይመታል። እኔ ቦታውን መጀመሪያ የምጎበኘው ያለ ዕቃ፣ በጉድለት ሰዓት ነው። ያኔ ወለሉ ይታያል። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ደረጃው የታችኛው እርከን እንዳለው ወይም እንደተሰበረ አያለሁ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ ሲሞላ ከዚያው ቦታ ቆሜ እንደገና አነሳለሁ። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ይናገራሉ።

ሁለተኛ መውጫም ይኑራችሁ። ጅረቱ ሊወስዳችሁ በሚችልበት አቅጣጫ ሂዱና በእግራችሁ እዩት። እኛ 400 ሜትር ርቀን የወጣንበትን ድንጋይ ቀድመን አይተነው ቢሆን፣ አሥር ሜትር አለፍ ብሎ አሸዋ እንዳለ እናውቅ ነበር። ደግሞ ቡት አድርጉ። እኔ ያን ጊዜ የነበረኝ ፊን በባዶ እግር የሚጠለቅ ዓይነት ነበር። አሁን የለኝም።

ቁጭ ብሎ ማየት

ደረስን። ዕቃው መኪና ውስጥ ይቆይ። ዕቃ ከለበሳችሁ በኋላ «አንገባም» ማለት በጣም ይከብዳል፤ ስለዚህ ውሳኔው በሸሚዝ ይሁን።

ዳርቻው ላይ አሥር ሜትር በእርምጃ ለኩ። ለእኔ 13 እርምጃ ነው። መነሻና መድረሻው ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ከዚያ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ፈልጉ፤ ቅጠል፣ አረፋ፣ የአልጌ ቁራጭ። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው በስንት ሴኮንድ ይደርሳል? በ20 ሴኮንድ ከደረሰ አንድ ኖት ነው፤ አንገባም። በ40 ግማሽ ኖት። አንድ ደቂቃ ከፈጀበት ደስ ይላል። በአሥር አሥር ደቂቃ ድገሙት። ቁጥሩ 35፣ 42፣ 55 እያለ ከሄደ ጅረቱ እየደከመ ነው፣ ሰንጠረዡም ልክ ነው። 55፣ 42፣ 35 ካለ ዕረፍቷ አልፋለች። ሰንጠረዡ የፈለገውን ይበል፣ ውሃውን እመኑ።

ቅጠሉ የሚናገረው ስለ ላይኛው ውሃ ነው። ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከራሱ ፍጥነት 2 ወይም 3 በመቶ ያህል ይገፋዋል። ስለዚህ ታች ያለውንም እዩ። የታሰረ ቦይ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ምልክት) ካለ ወዴት አዘንብሏል? ከጀርባው የውሃ ጅራት አለው? ረጃጅም የባሕር ሣር ቆሟል ወይስ ተኝቷል? ጥጉ ላይ፣ ዓለቱ ጫፍ ላይ፣ ውሃው ተሸብሽቦ መስመር ሠርቷል? ያን መስመር እኛ የዚያን ቀን አይተነው ነበር። «ያምራል» ነው ያልነው።

ሞገዱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሩቅ የመጣ ሞገድ በቡድን በቡድን ይመጣል። አምስት ደቂቃ አይታችሁ «ጸጥ ብሏል» አትበሉ፤ ትልልቆቹ ገና በመንገድ ላይ ይሆናሉ። ሃያ ደቂቃ ስጡት። በሁለት ሞገድ መካከል ያለውን ሴኮንድም ቁጠሩ። 12 ሴኮንድ የሚራራቅ አንድ ሜትር ሞገድ 5 ሴኮንድ ከሚራራቀው አንድ ሜትር ሞገድ እጅግ ብዙ ጉልበት ይዟል፣ ወለሉንም ይበልጥ ያናውጣል። ሞገዱ እየተሰበረ ባለበት ዳርቻ መሐል ላይ አንዲት ጠባብ ጸጥ ያለች መንገድ ካያችሁ ደግሞ አትሳቡ። ብዙ ጊዜ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው ውሃ መውጫ ነች።

ዳርቻ ላይ የሚቀር ሰው ካለ ሰዓት ስጡት። «እንመለሳለን» አትበሉ። «እስከ 14፡15 ካላየኸን ለነፍስ አድን ደውል» በሉ፤ ቁጥሩንም ስልኩ ላይ አስገቡለት።

ውሃ ውስጥ

መንገዱ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ጅረቱን ፊት ለፊት፣ ከዚያ ይዟችሁ ሲመለስ። አቅጣጫውን ከመጥለቃችሁ በፊት በኮምፓስ ያዙ። ታች ስትደርሱ ወዲያው አትሂዱ። ወለሉ አጠገብ ቆማችሁ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ወዴት እንደምትሄዱ እዩ። የሚንሳፈፉ ቁርጥራጮች ከማስካችሁ ፊት ወዴት ያልፋሉ? ትንንሽ ዓሦች አፍንጫቸውን ወዴት አዙረዋል? ባንድ አቅጣጫ ከተደረደሩ ጅረቱን ገጥመው ነው የሚዋኙት። ላይ ካሰባችሁት ጋር ካልገጠመ ፕላኑን ቀይሩ፤ ምልክት ሰጥታችሁ ለጓደኛችሁ አሳዩት።

ወለሉ አጠገብ ጅረቱ ከላዩ ይልቅ ይደክማል። ድንጋይ ከጀርባው ማረፊያ ይሰጣል። ሲመለሱ ላይ ላዩን፣ ሲሄዱ ታች ታቹን። ወለሉን ግን አትረግጡ፣ ሕይወት ያለው ነገር ሞልቶበታል።

አየሩን እንቁጠር። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) 2400 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባሩን አትንኩት፤ ለክፉ ቀን ነው። የቀረው 1800 ሊትር ነው። ላይ ሆናችሁ በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍሱ ከሆነ በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ እጥፍ ስለሆነ 40 ሊትር ይሆናል፤ 45 ደቂቃ ይበቃችኋል። ጅረት ስትታገሉ ግን አተነፋፈሳችሁ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል። 22 ደቂቃ ቀራችሁ። ጌጁ፣ የአየር መለኪያው፣ ዓይናችሁ እያየ ሲወርድ ማየት ነው። ስለዚህ ከ150ው ባር አንድ ሦስተኛውን ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመመለሻ፣ የቀረውን ለዘገየ ነገር። ጌጁ 150 ሲል እንዞራለን፣ የፈለገ ዓሣ ይምጣ። ሰዓትም ያዞረናል፤ በምሳሌያችን ቀን 13፡25 ከደረሰ 150 ባይሆንም እንዞራለን።

መጨረሻ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ለደህንነት 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ስትቆሙ ውሃው እየወሰዳችሁ መሆኑን አትርሱ። በግማሽ ኖት ሦስት ደቂቃ 46 ሜትር ነው። ወለሉ እየወጣ የሚሄድ ዳርቻ ከሆነ ይሄን ማቆሚያ ወለሉን ተከትላችሁ እየተመለሳችሁ አድርጉት። የዳርቻ መጥለቅ አንዱ ትርፉ ይሄ ነው።

ከተወሰዳችሁ

ፊት ለፊት አትታገሉ። መጀመሪያ ወለሉ አጠገብ ውረዱ፤ ድንጋይ ከተገኘ ያዙና ትንፋሻችሁ እስኪረጋ ቆዩ። ከዚያ ጅረቱን በሰያፍ እየቆረጣችሁ ወደ ዳር። ዳር ላይ ብዙ ጊዜ ይደክማል። መውጫችሁን ካለፋችሁ አለፋችሁ፤ ሁለተኛውን አስቡ። አየር ሳያልቅባችሁ፣ መቶ ባር እያላችሁ፣ በቀስታ ውጡ፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይብለጥ። ላይ ስትደርሱ ቢሲዲውን (አየር የሚሞላውን መንሳፈፊያ ሰደርያ) ንፉ፣ ረጅሙን ባለ ቀለም ቱቦ ቦይ አቁሙ፣ ፊሽካ ንፉ። የምትተነፍሱበት ሬጉሌተር አፋችሁ ውስጥ ይቆይ። መንሳፈፍ ካቃታችሁ የታጠቃችሁትን የእርሳስ ክብደት ጣሉት። እርሳስ ይተካል።

ወደ ጥልቁ የሚመለስ ውሃ ከያዛችሁ ደግሞ ወደ ዳርቻው ቀጥታ አትዋኙ። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኙ። ጠባብ ነው፤ ብዙም ሳትሄዱ ይለቃችኋል።

እኛ የዚያን ቀን ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው በትክክል ያደረግነው፤ አልተለያየንም። የጓደኛዬን የቢሲዲ ማሰሪያ ይዤ ነበር። እስከ ዛሬ «አንተ ነህ የወሰድከኝ» ይለኛል።

ሲወጣም መቸኮል የለም። ከሚሰበረው ሞገድ ውጭ ቆማችሁ አንድ ቡድን እስኪያልፍ ጠብቁ። ትልቁ ካለፈ በኋላ ተከትላችሁት ወደ ዳር ግቡ። ማስክና ሬጉሌተር ቦታቸው ይሁኑ፣ አንድ እጅ ማስኩ ላይ። ወለሉ ሲነካችሁ ለመቆም አትቸኩሉ። በአራት እግር መሳብ አያምርም፤ ጉልበት ከመሰበር ግን ይሻላል።

መኪናው ጋ ስደርስ ገና ሳልደርቅ እርሳስ አነሳለሁ። ውሃ የማይፈራ ትንሽ ደብተር አለኝ። ቀን፣ ጨረቃ፣ የሰንጠረዡ ሰዓት፣ ጅረቱ በእውነት የቆመበት ሰዓት፣ የመውጫው ሁኔታ። የአንድ ቦታ አምስት ስድስት ገጽ ሲጠራቀም ሰንጠረዡ የማይነግራችሁን ልዩነት ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ወደዚያች ወሽመጥ ከተመለስንበት ቀን ያለው ገጽ እንዲህ ይላል፦

ግማሽ ጨረቃ። ሙላት 12፡32። ጥጉ ላይ ጅረቱ የቆመው 11፡35። ገባን 10፡55፣ ወጣን 11፡38። መውጫው ጉልበት ድረስ ውሃ፣ ሞገድ የለም። የቀረ አየር 80 ባር። ጓደኛዬ የማስኩን ማሰሪያ ሲፈልግ የጠፋ ሰዓት፣ 12 ደቂቃ።